በረኪና ያልሸተተ ውኃ

ቧንቧው ሲንኳኳ ቦኖ ጠባቂዋ አልደነገጠችም። ኋላ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። በትንሹም በትልቁም የምትደነግጥ ሴት ናት፤ ልጇ ከሥራ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ መኪና ገጭቶታል ትላለች፣ ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ መርዶ ነው ብላ ወገቧን ትይዛለች። መደንገጥ በሚገባት ቀን ግን ዝም ብላ ጀሪካን ስታስሞላ ዋለች።

ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ቧንቧ መንኳኳቱ ያለ ነው። አየር ነው። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ይንኳኳል፣ ከዚያ ጭቃ የመሰለ ነገር ይተፋል፣ በመጨረሻ ይወርዳል። ድምፁ ይቀድማል፣ ውኃው ይከተላል። የዚያን ቀን ግን ውኃው እየወረደ፣ ጀሪካኑ እየሞላ ማንኳኳቱ ቀጠለ። ኳ ኳ ኳ ይልና ዝም፤ እንደገና ኳ ኳ ኳ ይልና ዝም። ሰልፍ ላይ ከነበሩት አንዷ «ዛሬስ ቧንቧው ራሱ በር ማንኳኳት ጀመረ፤ ማነው በሉት እንጂ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ቦኖ ጠባቂዋም ሳቀች። አንድ ሰዓት ያህል ተንኳኳና ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ውኃው እንደ ክር ቀጠነ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢና ሞተረኛው የቦኖ ጠባቂዋ ልጅ ምን ደፍኖት ይሆን ብለው ዳገቱን ወደ ታንከሩ ወጡ። ሰብሳቢው ክዳኑን ከፍቶ አየና እዚያው ቁጭ ብሎ ቀረ። ውስጥ የነበረው ታንከር አጣቢው ነው። የሹራቡን እጅጌ የመውጫው ቧንቧ ስቦ ውጦት ነበር፤ ውኃውን ያቀጠነው እሱ ነው። ወሬው ታች ሲደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከትናንት ረፋድ ጀምሮ ያንን ውኃ ጠጥተዋል፣ አብስለውበታል፣ ሕፃን አጥበውበታል። አንዷ ማስመለስ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ዋናተኛው» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ዋና አይችልም። ታንከር ውስጥ እየወረደ እንጀራውን የሚበላ ሰው ዋና አለመቻሉ ስላሳቃቸው ነው ስሙን ያወጡለት። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ «እኔ የምወርደው ባዶ ሲሆን ነው» ይላቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ ከዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ሞተር ቤቱና ቦኖው ግርጌ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በየሦስት ወሩ ታንከሩ ባዶ ይደረግና ዋናተኛው የብረት መሰላል አስገብቶ ይወርዳል። ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጋል፣ ጭቃውን ያወጣል፣ በመጨረሻ አንድ ጀሪካን በረኪና ረጭቶ ይወጣል። ሰው ውስጥ ሳለ ከክዳኑ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ቀይ ባልዲ ይሰቀላል፤ ከሞተር ቤቱ ሆኖ ይታያል። ባልዲው ከወረደ ሰውየው ወጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ደንብም አለ፤ ሞተረኛው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዳገቱን ወጥቶ በክዳኑ በኩል ይጣራል። ይህ በሞተር ቤቱ በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ግን ዳገቱ ረጅም ነው፤ ጽሑፉም ከተጻፈ ቆይቷል።

ሞተሩን ያስነሳው የቦኖ ጠባቂዋ ልጅ ነው።

መርማሪዋ የመጣችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ስለምታደርግ ሰው ሳይወድ ይጠጋታል። ሬሳው ላስቲክ ለብሶ ተጋድሟል። ፊቱን አልፋ ሁለት እጆቹን አነሳችና አገላብጣ አየቻቸው። ጥፍሮቹ ተሰብረዋል፤ የጣቶቹ ጫፍ ሥጋው እስኪወጣ ድረስ ተልጧል፤ ውስጡ የሲሚንቶ አሸዋ ገብቶበታል።

«መሰላሉ የት ነበር?» አለች።

«እዚያው ውስጥ፣ ቦታው ላይ» አለ ሰብሳቢው። «ስከፍተው እንደቆመ ነው ያገኘሁት።»

አንዴ መሰላሉን፣ አንዴ እጆቹን አየች። ከዚያ ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው።

ምርመራውን በሞተር ቤቱ ውስጥ አደረገችው፤ በሩን ክፍት ተወችው። ቦኖ ጠባቂዋ አሥር እርምጃ ርቃ፣ የታጠቡ ጀሪካኖችን እንደገና እያጠበች፣ ሁሉንም ሰማች።

መጀመሪያ የገባው ሰብሳቢው ነው። ከሟቹ ጋር ተጣልተው እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ። ከአንድ ወር በፊት በስብሰባ መሐል ዋናተኛው ተነስቶ፣ ታንከሩ ማታ ሞልቶ ጠዋት ጎድሎ እንደሚገኝ፣ አንድ ሰው ከበስተጀርባ ውኃውን እየጠጣው እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ሰብሳቢው ደግሞ አንተ ብሩሽህን ያዝ ብሎ አሳፈረው። ይኸው አሁን ጸጸተው። ታንከሩ በታጠበበት ቀን ግን ጠዋቱን በሙሉ ሌላ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አሥራ አምስት ሰው አይቶታል።

ቀጥሎ ልጇ ገባ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል፤ ያን ጊዜ ግን ለእናቱ የሰባት ዓመት ልጅ መስሎ ታያት። አምስት ሰዓት ገደማ ባልዲው ሲወርድ አይቶ ሞተሩን እንዳስነሳ ተናገረ።

«የወረደው ባልዲው ነው። ሰውየው ሲወጣስ አይተኸዋል?» አለች መርማሪዋ።

«አላየሁም።»

«ዳገቱን ወጥተህ ተጣርተሃል?»

ሞተረኛው በሩ ላይ የተጻፈውን አየ። «አልወጣሁም» አለ።

የቦኖ ጠባቂዋ ጀሪካን ከእጇ አምልጦ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ።

ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ችግኝ ሻጩ ነው። የችግኝ ቦታው ከታንከሩ ጀርባ፣ ከዳገቱ ማዶ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ በጋ ቢጫ ሲሆን የእሱ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ጉድጓድ አስቆፍሬ ነው ይላል፣ ሰውም እድለኛ ይለዋል። ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ለወንድሙ ሻይ በፔርሙስ ይዞ እንደወጣ ተናገረ። ሲደርስ ወንድሙ ሥራውን ጨርሶ ወጥቶ ነበር። በረኪናውን ረጭቷል፤ ባዶው ጀሪካን እዚያው አለ። ባልዲውን አወረደ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ተሰነባበቱ።

«ብሩሹን ረስቶ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል» አለ። «አንሸራቶት ይሆናል። ትንሽ ብቆይለት ምን ነበረበት?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መርማሪዋ መሐረቧን ሰጠችው። ስትሰጠው ዓይኗ ወደ ጥቁር ሱሪው ወረደ፤ ከጉልበቱ በታች እንደ ዝገት የቀላ ፍንጥቅጥቅ አለበት።

«ሥራዎ ልብስ ይጨርሳል» አለችው።

«የተባይ መድኃኒት ነው፤ ስረጭ ይፈናጠቃል።»

ቦኖ ጠባቂዋ ይህን ስትሰማ ነፍሷ ተመለሰች። ሰውየው ወጥቶ በራሱ እግር ተመልሶ ከገባ ማንም አልገደለውም፤ ልጇም ሞተሩን ያስነሳው በባዶ ታንከር ላይ ነው። ተራዋ ደርሶ ሞተር ቤቱ ስትገባ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ውኃው በረኪና ከሸተተ ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል ማለት ነው።

«ትናንት ውኃው ሲመጣ ምን ምን ይል ነበር፣ እናቴ?» አለቻት መርማሪዋ።

«በረኪና በረኪና። አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር፤ ታንከር በታጠበ ቀን እንደ ሁልጊዜው።»

ውሸት ነው። ውኃው ደፍርሶ ነበር እንጂ ምንም አልሸተተም። በሌላ ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ታስደፋቸው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በመዳፏ ቀድታ አሽትታ፣ ዛሬስ አይሸትም፣ አታባክኑት፣ ቅዱ ያለቻቸው ራሷ ናት።

«ልጅዎስ?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ከዓይኔ አልራቀም። በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።»

ይኼኛው እውነት ነው። ስለ ማንኳኳቱ የጠየቃት የለም፤ እሷም አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሟቹ ቤት ተሰብስበው ነበር። የሟቹ ሚስት ጎረቤት ያዋሳትን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። መርማሪዋ መጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። የቀሚሱን ጫፍ በጣቶቿ ያዘችና የማን እንደሆነ በቀስታ ጠየቀች።

«የኔ ነው» አለች ጎረቤቲቱ። «ንጹሕ ነው፤ ትናንት ነው ያጠብኩት። ልክ ውኃው እንደመጣ ቀድቼ...»

የትኛው ውኃ እንደሆነ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። የሟቹ ሚስት ግን ሰምታለች። ባሏ ሲሰምጥበት በነበረው ውኃ የታጠበ ልብስ ገላዋ ላይ ነው። በሁለት እጇ ከአንገቱ ይዛ ትቀደው ጀመር፤ አራት ሴቶች ናቸው የያዟት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል መርማሪዋ የቀሚሱን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው። አንዲት ነጥብ የለበትም።

«ታንከር በታጠበ ቀን ጥቁር ልብስ ታጥባላችሁ?» አለች።

ጎረቤቲቱ እንባዋን እየጠረገች፣ በጭራሽ፣ በረኪናው ይበላዋል፣ ትናንት ግን ምንም አልሸተተም፣ ቦኖ ጠባቂዋ ራሷ ናት ቅዱ ያለችን አለች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ቦኖ ጠባቂዋ ዞሩ። መርማሪዋ አልዞረችም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራት።

በማግስቱ መርማሪዋ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አስደፋችውና ባትሪ ይዛ ራሷ ወረደች። ስትቆይበት፣ ላይ የቆመው ፖሊስ እየተጣራ ይጠይቃት ጀመር። ስትወጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ግማሽ ጆንያ ኖራና በርሜል ውኃ እንዲወጣላት አዘዘች። ከዚያ ሁሉም ሰው አሥር ሰዓት ላይ ችግኝ ሻጩ ቦታ እንዲሰበሰብ መልእክት ላከች።

ቦኖ ጠባቂዋ እዚያ ስትደርስ ልጇ እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ ቆሟል። ልትጠጋው ስትል ፖሊሱ በእጁ ከለከላት። ሰብሳቢው መጥቷል፤ የሟቹ ሚስት በሌላ ልብስ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ መጥታለች፤ የቦኖው ሴቶችም ከነጀሪካናቸው መጥተዋል። ችግኝ ሻጩ በችግኞቹ መደዳ መሐል ቆሟል። ከመሬት የወጣ ጥቁር የውኃ ጎማ በቦዩ ላይ ተጋድሟል። ለጊዜው ደረቅ ነው።

መርማሪዋ የችግኝ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«ከእጆቹ እንጀምር» አለች። «ጥፍሮቹ ያለቁት ግድግዳ ሲቧጥጥ ነው። መሰላል አጠገቡ የቆመለት ሰው ግድግዳ አይቧጥጥም። ሲሰምጥ መሰላሉ ውስጥ አልነበረም፤ አንድ ሰው አወጣው፣ ከሞተ በኋላም መለሰው። ስለዚህ አደጋ አይደለም።»

የሟቹ ሚስት ጭንቅላቷን በደጋፊዋ ትከሻ ላይ ጣለች።

መርማሪዋ ቀጠለች። የበረኪናው ጀሪካን ባዶ ነው፤ ሲያዩት ሰውየው ሥራውን ጨርሶ የወጣ ይመስላል። ውኃው ግን ጥቁር ቀሚስ ላይ አንዲት ነጥብ አልጣለም። በረኪናው ታንከሩ ውስጥ አልገባም። ከታንከሩ ጀርባ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ የተደፋው እዚያ ነው። ሟቹ ሥራውን አልጨረሰም፤ ጨርሷል እንዲባል የፈለገ ሰው ነበር።

«ያማ ሞተረኛው ነዋ» አለ ሰብሳቢው። «አልጨረሰም ከተባለ የሚጠየቀው እሱ አይደል?»

«እኔም አስቤዋለሁ። እናቱ ልጄ ከዓይኔ አልራቀም ብለውኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እኚሁ እናት ውኃው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር ብለው ዋሽተውኛል። ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው የነገሩኝ። አንዱን ጥዬ ሌላውን እንዴት ልያዝ?»

ቦኖ ጠባቂዋ ሰው ሁሉ ሲያያት ተሰማት። ልጇ ግን መሬት መሬቱን ያያል። ልታድነው የተናገረችው ነገር ያንን አንድ እውነተኛ ምስክርነቷን ገድሎታል። ሌላ የቀራት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ላለመናገር ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ አድራለች።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ልጄ አይታሰርብኝ ብዬ ነው። ያልነገርኳችሁም አለ። ውኃው መውረድ ከጀመረ በኋላ ቧንቧው ይንኳኳ ነበር። አየር አይደለም፤ አየር እንዲያ አይንኳኳም። ሦስት ሦስት ጊዜ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። ማነው በሉት ተባለ። ሳቅን።»

ያቺ ቀልደኛ ሴት ጀሪካኗን ጥላ ተቀመጠች። የሟቹ ሚስት ቀና ብላ የቦኖውን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማናቸውም ዓይኗን መቋቋም አልቻሉም።

«የብሩሹ እጀታ ጫፉ የተተረተረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለች መርማሪዋ። «የመውጫው ቧንቧ ወለሉ አጠገብ ነው። ውኃው ከቁርጭምጭሚቱ ሳያልፍ ጀምሮ ደረቱ እስኪደርስ ቧንቧውን በእጀታው ሲመታ ነበር። እንግዲህ ብሩሽ ረስቶ አልተመለሰም፤ መጀመሪያውኑ አልወጣም። ወጥቶ ነበር፣ ሻይም አብረን ጠጣን ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ችግኝ ሻጩ ከንፈሩን አራሰ። «ሐዘን ላይ ነኝ። ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል። ወንድሜ'ኮ ነው።»

«ጉድጓድዎ የት ነው?»

«እ... ወደዚያ። ተደፍኗል፤ ቧንቧው ብቻ ነው የሚወጣው።»

መርማሪዋ ቆማ ወደ ታንከሩ እጇን አነሳች። ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች አጎንብሰው ጠፉ። የግድግዳው ፍተጋ ሁለት ሦስተኛው አልቆ አንድ ቦታ ላይ እንደቆመ ነገረቻቸው። ብሩሹ የቆመው ከጭቃው ስር የላስቲክ ቧንቧ አፍ ባገኘበት ቦታ ነው። ታንከሩ ሲሠራም ሆነ ባለፈው እጥበት ያልነበረ ቧንቧ ነው። ባዶ ካልሆነ፣ ጭቃውም ካልተፈተገ የሚያየው የለም። ዋናተኛው አየው፤ በዚያች ደቂቃ ከአናቱ ላይ የነበረው ደግሞ ሻይ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ጎማው አጉረመረመ። ትንሽ አየር ተፋ። ከዚያ እንደ ወተት የነጣ የኖራ ውኃ በቦዩ ላይ ወርዶ በችግኞቹ መሐል ተበተነ።

ለአንድ ጀሪካን ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው የሚሰለፉት ሴቶች ነጩን ውኃ ቆመው አዩት። «የኛን ፈረቃ ነው ለካ ቡቃያ ሲጠጣው የከረመው» አለች አንዷ።

«ሱሪህን እይ» አለች መርማሪዋ፤ እርስዎ ማለቷን ትታለች። «የተባይ መድኃኒት ጥቁር ልብስ እንዲያ አይበላም። በረኪናውን ስትደፋ ተፈናጥቆብሃል። የነሱ ጥቁር ልብስ ንጹሕ ነው፤ ያንተ ብቻ ተበላ።»

ችግኝ ሻጩ ሱሪውን አየ። ከዚያ እዚያው ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለ፤ ኖራው ጫማውን ሲነካው እንኳ አልተነሳም።

«እስከ ክረምት ታገሰኝ አልኩት» አለ። «ዝናብ ሲመጣ እቆርጠዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል አልኩት። ዛሬውኑ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ አለ። መሰላሉን ስስበው የምቀልድ መስሎት ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ባልዲውን አወረድኩ። ውኃው ሲመጣ ወደዚህ ወረድኩ። ችግኞቼን አጠጣሁ።»

የሟቹ ሚስት አልጮኸችም። ወደ እሱ ሄደችና ከፊቱ ቆመች፤ ፖሊሱ ሊይዛት ሲል መርማሪዋ ተዋት አለችው። ልጆቿ አጎታቸውን ዛሬም ቤት እየጠበቁት እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ተመለሰች።

ወንድምየውን ሲወስዱት ቦኖ ጠባቂዋ ወደ ልጇ ሄደች። ካቴናውን ይዛ መርማሪዋን ጠበቀች። መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ቀሚሱ ጭቃ ስለነበር መነጽሩ ባሰበት።

«ይፍቱልኛ» አለች ቦኖ ጠባቂዋ። «አልገደለም ተባለ'ኮ።»

«አልገደለም። ግን ሞተሩ ሲነሳ ሰውየው ሕያው ነበር። ዳገቱን ወጥቶ አንዴ ቢጣራ ኖሮ ዛሬም ሕያው ነበር። ለዚህ ምስክር አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ።»

ምስክሯ ማን እንደሆነች ቦኖ ጠባቂዋ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። የባሰውን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ የባሰው ግን ከገዛ አፏ ይወጣል ብላ አንድም ቀን አልጠበቀችም። ስንት ዓመት እንደሚሆን ጠየቀች። መርማሪዋ ዳኛው ነው የሚያውቀው አለቻት። ልጇ ሊያቅፋት እጁን አነሳ፤ ካቴናው አልፈቀደለትም፤ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ። «አንቺ እውነቱን ነው የተናገርሽው፣ እማዬ» አላት። ከዚህ በላይ የሚያቆስል ነገር ሊነግራት አይችልም ነበር። መኪናው አንድ ብቻ ስለነበር ከችግኝ ሻጩ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ሊመሽ ሲል ሰብሳቢው የሞተር ቤቱን ቁልፍ አመጣላት። ሌላ ሰው እስኪገኝ አንቺ ያዢው አላት፤ ዓይኗን አላያትም። ታንከሩ እንደገና መታጠብ አለበት፤ የሚወርድበት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ገባች። ጃኬቱ ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ግማሽ ዳቦ በጋዜጣ ተሸፍኖ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዳቦውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ጃኬቱን ይዛ ወጣች። ቦኖው ፊት ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደ ሁልጊዜው ደርድረው ቆመዋል፤ ውኃ እንደሌለ ያውቃሉ፣ ግን ተራቸውን ለመያዝ መጥተዋል።

በሩን ገፋችው። መቆለፊያው አልገባም። በሩ ወርዶ ነበርና ልጇ በአንድ ዘዴ ያነሳው ነበር፤ ዘዴውን ግን ጠይቃው አታውቅም። ደግማ ሞከረች። ከሰልፉ ማንም ሊያግዛት አልመጣም።

«ነገስ ውኃ አለ?» አለች ከኋላዋ አንዷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቦኖ ጠባቂዋ ጃኬቱን በጥርሷ ነክሳ፣ በሩን በትከሻዋ ወደ ላይ አንስታ፣ ቁልፉን እስኪዞር ድረስ ጠመዘዘችው። ተቆለፈ።